የአንበሳ ወንዝ፣ የመንደር ምንጭ

አንድ ጊዜ፣ አራዊትም እንደ ሰው ሸንጎ ይቀመጡ፣ እንደ ሰውም ይካሰሱ በነበረበት ዘመን፣ እንኮይ ውሃ የሚባል ሸለቆ ነበር። ከሸለቆው ራስ አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች። ውሃዋ በቀጭን ቦይ እየወረደ መንደሩን ከላይ እስከ ታች ያጠጣል፤ ከዚያ አፈር ይጠጣውና ያልቃል። ሌላ ውሃ ቢፈለግ ትልቁ ወንዝ አለ፤ እሱ ግን ከጋራዎቹ ሁሉ ማዶ ነው፣ ሩቅ።

የአገሩ አስተዳደር እንዲህ ነበር። ትልቁ ወንዝ ብዙ ሸለቆ ስለሚያቋርጥ የአንበሳ ነው። ሸለቆን ከሸለቆ የሚያገናኘው መንገድም የአንበሳ ነው፤ የአንዱ ሸለቆ አውሬ ጋራ ተሻግሮ ሌላውን ቢበድል የሚዳኘውም እሱው ነው። የየሸለቆው ምንጭና ቦይ ግን የየመንደሩ ሸንጎ ነው። የእንኮይ ውሃ ሸንጎ ዋርካ ሥር ተቀምጦ የውሃ አባት ይሾማል፤ ካጠፋም ይሽረዋል። አያቶቻቸው ይህን አጥርተው ያውቁ ነበር። የልጅ ልጆቹ ግን ረሱት፤ አንበሳም ራሱ ሳይቀር ረሳው። ጥጋብና ሰላም ሲበዛ የማን ሥራ የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ይጠፋል።

የውሃ አባት ማለት ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ የሚያስከብር ነው። እንኮይ ውሃዎች በዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ ነበራቸው፤ የውሃ አባት የሚሾመው ከቦዩ ጅራት ነው፣ ከቦዩ ራስ አይሾምም። ጅራቱ ላይ የሚኖር ውሃ ሲጎድል ቀድሞ የሚጠማው እሱ ነዋ! እሱ እንዲጠጣ ከላይ ያለው ሁሉ በልኩ መጠጣት አለበት።

ይህን ልማድ ያፈረሰው ቀበሮ ነው። አንድ ቀን ዋርካው ሥር ብድግ አለና፣

«ወገኖቼ፣ የምንጩ ጎረቤት ማን ነው? አያ ጅቦ! ታዲያ ለጥበቃ ከጎረቤት የሚቀርብ ማን አለ? ታች ጅራቱ ላይ ያለ ምን ያያል?» አለ።

መንደሩ «ልክ ነው! ልክ ነው!» ብሎ ጅብን የውሃ አባት አደረገው። ጅብን! ሽማግሌው ጃርት ብቻ እሾሁን አቁሞ «ኧረ ተዉ፣ ልማዳችን ከጅራት ነው» ቢል የሰማው አልነበረም።

በጋው ሲጠና ጅብ ቦዩን በድንጋይ ደፍኖ ውሃውን ዋሻው ደጅ ላይ አቆረው። የጅብ ነገር፣ ሩቅ አያስብም። የተጠማ ሁሉ ወደ ደጁ ይመጣል፤ የመጣውን ይበላል፤ በቃ። ቀበሮም ከትርፍራፊው ድርሻ ነበረው።

ከቦዩ ጅራት ላይ በቅርብ የወለደች አህያ ትኖር ነበር። ቦዩ ሲደርቅ ጡቷ ደረቀ። ውርንጭላዋ ባዶ ጡት ሲጎትት ውሎ እግሩ እየከዳው ተኛ። እናትየው ይህን ስታይ ፈራች፤ እውነተኛ ፍርሃት ፈራች። ተነሥታ ሽቅብ ወደ ጅቡ ሄደችና ከሩቅ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ውሃው ቀረ?»

«አልቀረም፣ ተጠራቀመ እንጂ። ነይ ጠጪ፤ ቀረብ በይ።»

«ከዚሁ ሆኜ ይታየኛል።»

«ውርንጭላሽንም ይዘሽው ነይ እንጂ! ልጅ ውሃ ያስፈልገዋል፤ አየሩም ይስማማዋል፤ ደግሞ ዋሻዬ ጥላ አለው» አለ ጅቡ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!» ብላው ፊቷን አዞረች።

ቀጥታ ወደ ዋርካው ልትሄድ ነበር። ሸንጎውን ጠርታ «ይህን ሰውዬ አንሡልኝ» ልትል። መንገድ ላይ ቀበሮ ጠበቃት።

«እመት አህያ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ሸንጎ።»

«አዬ የዋህ! ሸንጎው ምን ሥልጣን አለው? ውሃ የአንበሳ ነው። የውሃ አባት የሚሽረው አንበሳ ነው። አቤት የሚባለው ወደ ላይ ነው።»

«የአንበሳ የሚባለው ወንዙ አይደለም እንዴ?»

«ወንዝ ታዲያ ውሃ አይደለም?»

የቀበሮ ውሸት እንዲህ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ አፍ ያስይዛል። ቀበሮ ደግሞ የልቡን ያውቃል፦ መንገዱ ረጅም ነው፤ እሷ ደርሳ እስክትመለስ ውርንጭላው አለቀለት፤ የወደቀውን ደግሞ ማንሣት ለእሱና ለጅቡ ሥራ አይደለም።

አህያ ልጇን ለጃርት አደራ ሰጥታ ጋራ ለጋራ ተጓዘች። ወንዙ ዳር ስትደርስ ውሃ ጠማት፤ ጎንበስ ብላ ጠጣች። ልጇ እያለ ብቻዋን በመጠጣቷ ግን ውሃው እንደ ሬት መረራት።

አንበሳ አቤቱታዋን ሰምቶ ጋማው ቆመ።

«በእኔ አገር ውርንጭላ በውሃ ጥም ይሙት? አዋጅ ይነገር! ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም ሸለቆ፣ በየትኛውም ቦይ ላይ ድንጋይ ያኖረ ወዮለት!»

ዝንጀሮዎች ነጋሪት ጎሰሙ፤ አዋጁን ይዘው በየአቅጣጫው ተበተኑ። አህያ ጉልበቷ እስኪላጥ እጅ ነሥታ፣ ደስ ብሏት ወደ አገሯ ሮጠች።

አዋጁ ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጅብ ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጦ ሲተክዝ ቀበሮ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ምን ሆነሃል?»

«አለቀልኝ! ድንጋይ አንሣ ተባልኩ።»

«ታዲያ አንሣዋ። ድንጋይ አሉ እንጂ አጥንት አሉ? ጭቃ አሉ?»

ጅቡ ይህን ለመረዳት ጥቂት ቆየ። ገብቶት ሲያበቃ ግን ሳቁ ገደሉን አስተጋባው። ድንጋዩን በዝንጀሮዎቹ ፊት አነሣ፤ ዞር ሲሉለት በአጥንትና በጭቃ ደፈነው። አጥንት እንደሆነ ከጅብ ዋሻ ጠፍቶ አያውቅም።

አህያ ስትደርስ ቦዩ እንደደረቀ ነው። ውርንጭላው ዓይኑን ገልጦ አያት፤ መነሣት ግን አልቻለም። ጃርት ጤዛ ያቋጠረ ቅጠል እየለቀመ በነፍስ አቆይቶታል። አህያ ገና ሳትቀመጥ ከጋራው ላይ ጩኸት መጣ። የጎረቤት ሸለቆ ሽማግሌ ፍየል ነው፤ ጢሙ በቁጣ ይንቀጠቀጣል።

«አንበሳ ዘንድ የከሰሰችው አህያ የታለች?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እኛ ምን በደልንሽ? አገራችን ቁልቁለት ነው፤ ውሃ የምናቆመው በድንጋይ ክትር ነው። በአንቺ አዋጅ ዝንጀሮዎቹ መጥተው ክትራችንን አፈረሱት! ውሃው ሁሉ ገደል ገባ!»

አህያ በሐፍረት ጆሮዋን ጣለች። «እኔ የጅቡን ድንጋይ እንጂ የእናንተን አልከሰስኩም» አለች።

«የአንቺን ጅብ እዚሁ አትሽሩትም ነበር? እኛ የውሃ አባታችንን ስንሽር አንበሳን አስፈቅደን አናውቅም!»

ይህን ሲሰማ ሽማግሌው ጃርት እሾሁን አራገፈ።

«ሰማሽ፣ ልጄ? አንበሳ ክፉ አይደለም፤ ሩቅ ነው። ሩቅ የተቀመጠ የሚያየው ለሁሉም አንድ የሆነውን ነው፤ የእኛ ቦይና የፍየሎቹ ክትር ደግሞ አንድ አይደለም። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይላሉ። የነገሩ ሥር ዋርካው ሥር ነው። ጅቡን የሾምነው እኛ ነን፤ የሾመ ይሽራል።»

ያን ቀን ሸንጎው ተቀመጠ። ቀበሮ «ሥልጣን የላችሁም! ወደ ላይ በሉ!» እያለ ቢንጫጫም ጃርት አጠገቡ ሄዶ ቁጭ ሲልለት ዝም አለ። ከጃርት ጎን ተቀምጦ የሚወራጭ የለም። ፍርዱም እንዲህ ሆነ፦ ጅብ ከውሃ አባትነት ተሽሯል፤ ያቆሸሸውን ቦይ ራሱ ይጠርጋል፤ ከእንግዲህ ከቦዩ ጅራት ላይ፣ ከሁሉ በኋላ ይጠጣል። የውሃ እናት ደግሞ አህያ ትሁን።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብሎ ከርከሮ ሊቀልድ ሞከረ።

«ባሏ አይደለንም፤ ሸንጎ ነን» አለ ጃርት። «ይልቅ ጥርስህን አሹልና ተነሥ፣ የምትቆፍረው አለ።»

መንደሩ በሙሉ ሽቅብ ወጣ። ከርከሮ ጭቃውን በጥርሱ ገለበጠ፤ አጥንቱ ተንሿሽቶ ወረደ፤ ውሃውም ተለቀቀ። ጅብና ቀበሮ ይህን ሁሉ አውሬ ሲያዩ ጋራውን ዘለው አመለጡ።

ውሃው ደፍርሶ፣ አረፋ ደፍቆ ጅራቱ ላይ ሲደርስ ውርንጭላው ጆሮውን አቆመ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጠጣ፤ አስነጠሰው፤ እንደገና ጠጣ። እናቱ አጠገቡ ቆማ አለቀሰች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንደሚባለው፣ ይኸኛው ጅብ ፍየሎቹ ሸለቆ ገብቶ የምንጫቸው ራስ ላይ ተዘረጋና «ቁርበት አንጥፉልኝ!» አለ። ለፍየሎች! የማንን ቁርበት እንደሚያነጥፉለት አስቡት። የእንኮይ ውሃ አውሬ ሊይዘው ጋራው ድረስ ቢመጣ ከወዲያ ማዶ ሳቀባቸው።

«ሸንጎሽ እዚህ አይደርስም፣ እመት አህያ!»

«እውነቱን ነው» አለች አህያ። «ፍርዳችን ጋራው ላይ ያበቃል። ይኼኛው ነው የአንበሳ።»

ከሽማግሌው ፍየል ጋር ሆነው ወደ አንበሳ ሄዱ። ቀበሮ ቀድሟቸው ደርሶ ከዙፋኑ ጎን ቆሟል።

«ጌታዬ» ይላል አንገቱን ሰብሮ፣ «እነዚህ የመንደር ጣጣ ይዘው መጥተዋል። ይህ ለእርስዎ ክብር አይመጥንም፤ ወደ ታች ይመለሱ፣ ሸንጎአቸው ይየው።»

አህያ ከት ብላ ሳቀች። አንበሳ ፊት የሳቀች አህያ እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

«አያ ቀበሮ፣ ጅቡ መንደሬ ውስጥ ሳለ ወደ ላይ ነው አልከኝ፤ ጋራ ሲሻገር ወደ ታች ነው አልክ። መቼ ነው ነገሩ ያለበት ቦታ የሚዳኘው? ጌታዬ፣ ዛሬ ስለ ቦዬ አልመጣሁም፤ እሱን ራሳችን ፈርደናል። የተፈረደበት ግን ጋራ ተሻግሮ ሌላ ሸለቆ ላይ ተቀምጧል። እሱ የእርስዎ ነው።»

ፍየሉም ስለ ፈረሰው ክትር ተናገረ። አንበሳ አዳምጦ ሲያበቃ በራሱ ሳቀ።

«እኔ ጮኬ ያልፈረሰው የጅቡ ግድብ ብቻ ነው በሉኛ! ድምፄ ከየሸለቆው ይደርሳል፤ ዓይኔ ግን ከየቦዩ አይደርስም። የድንጋዩ አዋጅ ተሽሯል። ክትራችሁን ትሠራላችሁ፤ የሚያግዟችሁ ያፈረሱት ዝንጀሮዎች ናቸው። የቦይ ነገር የየሸንጎው ነው። ጋራ መሻገሩ ግን የእኔ ነው!»

ብድግ ብሎ ሲያገሳ ጅቡ ቁርበቱን ሳያይ ከፍየሎቹ ምንጭ ተነሣ። ዝንጀሮዎች እየነዱ እንኮይ ውሃ ጋራ ላይ ለሸንጎው አስረከቡት። ቀበሮም ከዙፋኑ ጎን ተይዞ አብሮት ተነዳ፤ አጥንቱን የለቀመው እሱ ነው፣ ቦዩን የጠረገው ጅቡ።

በጋው አላለቀም ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ ስታቃጥል ጅቡ ከቦዩ ጅራት፣ ከአህያዋም በታች ተጋድሞ ያለከልካል። ተራው እንደማይደርሰው እርግጠኛ ነበር፤ በእሱ ጊዜ ለማን ደርሶ ያውቃል? አህያ መጥታ ከሩቅ ቆመች፤ የውሃ እናት ብትሆንም ሞኝ አልሆነችም።

«ተራህ ነው። ጠጣ» አለችው።

ጅቡ ጠጥቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ አያት። ገርሞታል።

«እኔ ብሆን አላጠጣሽም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች አህያ። «ለዚህ ነው የሻርንህ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን የሚያገናኘውን ለሩቁ መንግሥት፣ የደጁን ጉዳይ ለመንደሩ ሸንጎ ለይቶ የሚሰጥ ሕዝብ ሁለቱንም ሲያዝዝ፣ ሳይለይ የሚቀር ግን ምንጩ አጠገቡ እያለ በውሃ ጥም እንደሚያልቅ ነው።