ራሷን ታንሳ

አንድ በያጅ ልንገራችሁ።

ሆሳዕና ነው የሚኖረው። በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል፣ የአጥር ብረት ይሠራል። ሀንዲሶ ይባላል። ወሬ አያበዛም። ሚስቱ ኤርጎጌ ግን ታወራለች። እሱ ዝም የሚለውን ሁሉ እሷ ናት የምታወራለት።

አንድ ክረምት ኤርጎጌ ውሃ አዝላ ስትመጣ ጭቃው አዳለጣት። ጀሪካኑ ከላይ፣ እሷ ከታች። ወገቧ ተጎዳ። ተኚ አሏት፤ ተኛች። አንድ ወር። ሦስት ወር። ዓመት። ሕመሙ ሄደ። እሷ ግን አልተነሳችም።

ለምን? ዓመት ተኝቶ የከረመ ጀርባ ምን ጉልበት አለው?

ጠዋት ሀንዲሶ በብብቷ ገብቶ ያስነሳታል። ደግፎ ያወጣታል፣ ደግፎ ይመልሳታል፣ ያስተኛታል። ከዚያ ወደ ብየዳው ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ይመለሳል። ያስነሳታል፤ ያስተኛታል። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለ ባል!» ይላል።

እውነት ነው። እንዴት ያለ ባል።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰዳት። መዓርግ የምትባል ወጣት ባለሙያ አለች፤ ወገብና ጉልበት በስፖርት የምታክም። ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚላት። የኤርጎጌን ጀርባ በጣቷ እየተጫነች ከላይ እስከ ታች ሄደችበት።

«አጥንትዎ ደህና ነው» አለች። «የሰለለው ጡንቻው ነው። ካልሠራ በዚሁ ጎብጠው ይቀራሉ። ጋሽ ሀንዲሶም ዕድሜ ልክ አያነሱዎትም።»



«መሣሪያ አለው» አለች መዓርግ። «እኛ ጋ ግን የለም።»

«ሣዪልኝ» አለ ሀንዲሶ። ቸኩሎ አንቺ አላት።

ሣለችለት። ነገሩ ቀላል ነው። ዘንበል ያለ አግዳሚ። ሰው በሆዱ ይተኛበታል። እግሩን ከኋላ ብረት ይይዝለታል። ከዳሌው በላይ ያለው አካሉ ወደ ፊት ይንጠለጠላል። ከዚያ ቀና ማለት። መውረድ። ቀና ማለት። መውረድ። በቃ። ከሥዕሉ ሥር ሁለት ቃል ጻፈችበት።

«ራሷን ታንሳ።»

ሀንዲሶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቁመቷን በሲባጎ ለካ። ቱቦላሬ ብረት ቆረጠ፣ በየደ፣ ጣውላ መታበት፣ ስፖንጅ አለበሰው። መጀመሪያ ራሱ ተኛበት። አግዳሚው አልተነቃነቀም። ቤት ወሰደው።

ኤርጎጌን ደግፎ አስተኛት።

«በይ ቀና በይ።»

ሞከረች። ሁለት ጣት ያህል ተነሳች። ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ።

«ገደልከኝ! አውርደኝ! አንተ ሰውዬ ገደልከኝ!»

አወረዳት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እየጮኸች ቀጥዪ ትሏታላችሁ? እስቲ እውነቱን። እኔ አልልም።

በማግስቱ ሀንዲሶ ብየዳ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ዘረጋ። ራሷን ታንሳ። ራሷን። ራስ ማለት ጭንቅላት አይደል? ጭንቅላቷ ከፍ ይበል ነው የሚለው። ይሄማ የሱ ሥራ ነው። ከባድ ነገር ከፍ ማድረግ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከተጣለ ባጃጅ ላይ ወፍራም ሞላ፣ ያን ሲጫኑት መልሶ የሚነጥር ጥምዝ ብረት፣ ፈታ። ከደረቷ ሥር ሰፋ ያለ ጣውላ አደረገ፤ ሞላውን ከጣውላው ሥር ተከለው። ስትወርድ በክብደቷ ሞላውን ትጫነዋለች። ሞላው ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ያወጣታል። ግድግዳው ላይ ሚስማር መታ። ጭንቅላቷ እዚያ ይድረስ።

ደረሰ! አንድ። ሁለት። አምስት። ኤርጎጌ አልጮኸችም። በሳምንቱ ሃያ። በወሩ አርባ።

ዳመነች የምትባል ጎረቤት አለቻት። ልትቆጥርላት ትመጣለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ… አርባ! አንቺ ሴትዮ፣ ወታደር ቤት ልትገቢ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»

«ሀንዲሶ፣ ለኔም ሥራልኝ እንጂ! የኔ ባል እንደሆነ ከወንበር እንኳን አያነሳኝም።»

«አንቺን የሚያነሳ ሞላ ገና አልተሠራም» አለች ኤርጎጌ።

ሀንዲሶ ሳቀ። ዓመት ሙሉ ሳይስቅ የከረመ ሰው።

ጠዋት ጠዋትስ? ጠዋት ጠዋት አሁንም በብብቷ ገብቶ ነው የሚያስነሳት። ይሄን ማንም አልጠየቀም። አርባ እየቆጠረ ይሄን የሚጠይቅ ማን አለ?

እሁድ ቤተ ክርስቲያን በምስክርነት ሰዓት ኤርጎጌ ወደ ፊት ወጣች። «ዓመት የተኛሁት እኔ ዛሬ አርባ ጊዜ ቀና እላለሁ! ጌታ ይመስገን!» እልልታው ጣራውን አነቃነቀው። ሽማግሌው ጋሽ ኤርጃቦ አለቀሱ። ሀንዲሶ ከጎኗ ቆሞ ክንዷን ይዟል። ክንዷን መያዙን ማንም ልብ አላለውም።

በሁለት ወሩ ወደ ሐኪሟ ተመለሱ። መዓርግ አልጋው ላይ በሆዷ አስተኛቻት።

«እስቲ ቀና ይበሉ።»

ምንም።

«ትንሽ ብቻ።»

ምንም። ሁለት ጣት እንኳን የለም። መዓርግ ጀርባዋን ነካካችው። ፊቷ ተለወጠ።

«ከበፊቱ ብሷል።»

«እንዴት ይብሳል?» ኤርጎጌ ተቆጣች። «አርባ ነው የምሠራው! ዳመነችን ጠይቂ!»

«መሣሪያውን ልየው» አለች መዓርግ። አብራቸው ቤት ድረስ ሄደች።

ጣውላውን በእጇ ተጫነችው። ተመልሶ ወጣ። ተጫነችው። ተመልሶ ወጣ።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሞላ።»

«እኔ ሞላ ሥያለሁ?»

ሀንዲሶ ወረቀቱን አወጣ። ወረቀቱ የግራሶ ቅባት ጠጥቷል፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ነው። ዘረጋላት።

«ራሷን ታንሳ ነው የሚለው። የጻፉት እርስዎ ነዎት። ይኸው ሚስማሩን ይዩት። ራሷ እዚያ ይደርሳል። አርባ ጊዜ።»

መዓርግ ሚስማሩን አየች። ወረቀቱን አየች። የራሷን ጽሑፍ ነው የምታየው። ቁጭ አለች።

«ራሷን ስል እኮ… ራሷን ነው። እሷነቷን። ጭንቅላቷን አይደለም።»



«አስረድቼ መጻፍ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔም ነው» አለች። «ግን ይሄን ሁለት ወር ስፖርት የሠራው ሞላው ነው። እሷ ላዩ ላይ ተኝታለች።»

ኤርጎጌ መሣሪያውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ባሏን።

«ፍታው።»

«ትጮሂያለሽ።»

«እጮሃለሁ።»

«አልችልም ኤርጎጌ።»

«አንተ ምን ሆንክ? የምጮኸው እኔ!»

«የምሰማው ደግሞ እኔ።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ሞላው ለማን ነበር የተሠራው? ለሷ ጀርባ? ለሱ ጆሮ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ይወዳታል። ግን ጩኸቷን መስማት ስላልቻለ ሊያጎብጣት ነበር።

ፈታው። 

«በቃ ማገዝ የለም?» አላት መዓርግን።

«ማገዝማ አለ። ማንሳት ነው የሌለው።»

ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን የአግዳሚውን የፊት እግር ቆረጠና ዘጠኝ ቀዳዳ ባለው ቱቦላሬ ቀየረው። በየቀዳዳው የሚሰካ አንድ ብረት አለው። ላይኛው ቀዳዳ ላይ ሲሰካ አግዳሚው ሊቆም ትንሽ ነው የሚቀረው፤ እሷም የቆመች ያህል ነች፤ ቀና ማለቱ ይቀላል። አንድ ቀዳዳ ዝቅ ሲል ይከብዳል። ሌላ ዝቅ ሲል ይብሳል። ግን ላይኛውም ላይ ሆነ ታችኛው ላይ፣ የምትነሳው እሷ ናት። ማንም አያነሳትም።

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ተነሳች። ሁለት! ከአርባ ወደ ሁለት! በሁለቱም ጮኸች። ሀንዲሶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንዱን በአንዱ ጨብጦ ቆመ። ካልጨበጠው በራሱ ጊዜ ወደሷ ይሄድበታል። አለቀሰ። ግን ከቤት አልወጣም።

ኤርጎጌ ደግሞ ምስክርነቴን አስተካክላለሁ አለች። ጋሽ ኤርጃቦ ይሄን ሰምተው ቤቷ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ተዪው። ስንቱ ባንቺ ተጽናንቷል። አሁን ተነስተሽ አይደለም ብትዪ ጌታን ማሳፈር ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ጌታ በኔ አርባ ነው እንዴ የቆመው?»

ጋሽ ኤርጃቦ ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

እሁድ ወጣች። «አርባ ብያችሁ ነበር» አለች። «አርባው የሞላው ነው። የኔ ሁለት ነው። እሱንም እየጮህኩ ነው።» ወርዳ ተቀመጠች። እልልታ የለም። አንድ ሰው ከኋላ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። በቃ።

አያችሁ? ለአርባው ጣራ ያነቃነቅን ሰዎች ለሁለቱ ሳልን።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ሀንዲሶ እንደ ልማዱ በብብቷ ሊገባ ጎንበስ አለ። «ቆይ» አለችው። በጎኗ ዞረች። በክንዷ ገፋች። ተቀመጠች። ተነፈሰች። ቆመች።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እጄን ምን ላድርገው?» አለ።

«ፊትህን ታጠብበት» አለችው።

ዛሬ ከላይ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ናት። ሲበርድ ያማታል። ዘጠነኛው ገና ነው፤ ምናልባትም አትደርስበትም። ግን ጠዋት የምትነሳው እሷ ናት።

እናንተስ?

እሁድ እሁድ አያችኋለሁ። መዘምራኑ ሲጀምሩ ራሳችሁ ቀና ይላል፤ እጃችሁ ይነሳል፤ እንባችሁ ይወርዳል። ደስ ይላል። ቤቱ ሞላ ትላላችሁ። እኔ የምፈራው እሱን ሞላ ነው። ሰኞ ጠዋት ማነው በብብታችሁ ገብቶ የሚያስነሳችሁ? ኪቦርድ የሌለ ዕለት ትጸልያላችሁ? ማንም ሳያይ አንድ ይቅርታ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንተ «ባለቤቴ ትጸልያለች» የምትለው። እሷማ ትጸልያለች፤ ጠንክራለች። አንተስ?

አንቺስ እናት? የሠላሳ ዓመት ልጅሽ ሰው ይበድላል። ሄደሽ ይቅርታ የምትጠይቂለት አንቺ። ስንት ዓመት? ሲያለቅስ ማየት አልችልም ትያለሽ። አውቃለሁ። እጅሽን ወደ ኋላ አጣምሪ። አጠገቡ ቁሚ፣ ጥለሽው አትሂጂ። ግን አጣምሪው።

እኛ ሰባኪዎችም አለንበት። ጮክ ብዬ፣ ታሪክ ነግሬ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ላይ አወጣችኋለሁ። በሩ ላይ ስትደርሱ ትወርዳላችሁ። ያኔ ማን ነው ስፖርት የሠራው? እኔ። ጉሮሮዬን እዩት።

ጸጋ አያነሳም ወይ ትሉኛላችሁ። ያነሳል። ሙት ያስነሳል፤ በዚህ አልከራከራችሁም። ግን እግዚአብሔር ያነሳውን ሰው ሂድ ነው የሚለው። ተሸክሞት ሲዞር አላየሁም። ቀዳዳውን ዝቅ ከፍ ያደርግልሃል፤ ከአቅምህ በላይ አይሰካውም። ስትጮህም ከቤት አይወጣም። መነሳቱን ግን ላንተ ይተወዋል፤ ስለሚወድህ።

እንግዲህ ልጨርስ። አርባችሁን አልጠይቃችሁም። ሞላው ሲፈታ ስንት ይቀራችኋል? ሁለት ከሆነ ሁለት በሉ። አንድ ከሆነ አንድ። ምንም ከሌለ ጌታን ምንም የለኝም በሉት፤ ከውሸት አርባ ይሻለዋል።

ለጸሎት እንቁም። መዘምራን ተቀመጡ። ኪቦርዱን ዝጋው ወንድሜ። እያንዳንዱ በገዛ አፉ፣ በገዛ ቃሉ ይጀምር። ቢንተባተብም ይጀምር።

እኔ አልጀምርላችሁም።