ሳትሞት የተለቀሰላት አህያ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ እድሯን ከነፍሷ አስበልጣ የምትወድ እመት አህያ የምትባል አህያ ነበረች። የአህዮች እድር በስልክ ግሩፕ ነበረው። አንድ አባል ሲሞት እዚያ ይጻፋል፤ አህያ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ለለቅሶ ይወጣል። እንዴት ሞተ፣ ማን አየ ብሎ መጠየቅ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል።

ይህን ወግ ቀበሮ ያውቃል። ከአያ ጅቦ ጋር ከመከረ በኋላ ለእመት አህያ ደወለላት።

«እትዬ፣ ከእድሩ ኮሚቴ ነኝ። የአባላትን ስም እያደስን ነው። አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ኮድ ያንብቡልኝ።»

«ለማንም አትንገሩ ይላል እኮ።»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?» አለ ቀበሮ ቅር ያለው መስሎ። «ቶሎ ካልነገሩኝ ስምዎ ይሰረዛል። ሲሞቱ ቀባሪ የለዎትም!»

ቀባሪ ማጣት! እመት አህያ ኮዱን እየተንተባተበች አነበበችለት። ወዲያው ግሩፑ ከስልኳ ጠፋ። መልሳ ልትገባ ብትሞክር አልከፈት አላት። መታለሏ ገባት፤ ግን አፈረች። «በዚህ ዕድሜዬ ተሞኘሁ ብዬ ለማን እነግራለሁ?» ብላ ዝም አለች።

ቀበሮ በበኩሉ ለአያ ጅቦ፣ «በእሷ ስም ግባና አንድ ሽማግሌ ሞተ ብለህ ጻፍ። ለቅሶው ገደሉ ሥር ነው በል» ብሎት ዞር አለ። ጅብ ደግሞ መብላት እንጂ ማሰብ መቼ ይሆንለታል? ለሃጩን እያዝረበረበ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እኔ እመት አህያ ዛሬ ሞቻለሁ። ለቅሶዬ ገደሉ ሥር ነው። ወፈር ወፈር ያላችሁ ቅደሙ።»

ሟች እንዴት ትጽፋለች ያለ አንድም አህያ አልተገኘም።

እመት አህያ ደጇ ላይ ቆማ ሳለ «ወይኔ እህቴን!» የሚል ጩኸት ሰማች። የመንደሩ አህያ በሙሉ እያለቀሰ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ፊት ፊት የምትሮጠው እርጉዟ ታናሽ እህቷ ናት። እመት አህያ ወደ ታች ብታይ ከቁጥቋጦው መሃል የጅብ ጆሮ ብቅ ብሏል። ሀፍረቷን ረስታ እየጋለበች መንገዱ መሃል ተገተረች።

«ተመለሱ! የጠራችሁ ጅብ ነው!»

«አንቺ... አልሞትሽም እንዴ?» አለች እህቷ እንባዋን ሳትጠርግ።

«አልሞትኩም። ኮዴን ለማላውቀው ሰጥቼ ነው። ጠዋት ነው የሰጠሁት፤ አፍሬ ደበቅኳችሁ።»

አህዮቹ ዞረው ወደ መንደራቸው ፈረጠጡ። የእድሩ ዳኛ ስልኩን ሲያይ «ምነው ዘገያችሁ? ሬሳዬ ሊሸት ነው» የሚል ሌላ መልእክት ገብቷል። ወዲያው የእመት አህያን ስም ከግሩፑ አስወጣው።

እህቷ ትንፋሿ ሲመለስ ወደ እሷ ዞረች። «ሞተሽ የሮጥኩልሽ እኔ፣ ተታለልኩ ብትዪኝ የማልሮጥልሽ መስሎሽ ነው?» አለቻት።

ከዚህ የምንማረው የሚስጥር ኮዳችንን የእናንተው ወገን ነኝ ለሚል ደዋይ እንኳ አለመስጠትን፣ ከተታለልን ደግሞ ሳናፍር ወዲያው ለወዳጆቻችን መናገርን ነው።