ኮምጣጣው ጠላና ከሰማይ የወረደው እንግዳ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ቢያድግልኝ። ጥያቄውን ያመጣችላቸው ሰናይት ጓደኞቿን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባ፣ በከዋክብት መካከል የሚጓዙ መንገደኞች ነን የሚሉበትን የምናብ ጨዋታ በወሬ የምታጫውት ልጅ ናት። በጨዋታው ጭራቅ ባመጣችባቸው ቁጥር እየሳቁ ስላስቸገሯት «መምህር፣ እነዚህን ልጆች በምን ላስፈራቸው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

አንድ ገበሬ ነበረ። ወንደላጤ ስለሆነ ጠላውን ራሱ ይጠምቃል፤ አጠማመቁን ግን እግዜር አልሰጠውም። በዚያ አገር ደግሞ ደቦ የወጣ ሰው እያጨደ የባለቤቱን ጠላ በዘፈን መስደብ ወግ ነው። ጎረቤቱ ግጥሙን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ገበሬው አንገቱን ይደፋል። ዓመት በመጣ ቁጥር ነገሩ ያንገበግበው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰማይ አንድ እንግዳ ወረደ። ጥርሱን አላገጠጠም፣ ማንንም አልነካም፤ ድምፁም ለስላሳ ነው። «ማንም ማንንም የማያስከፋበት፣ ሁሉም አንድ ልብ የሚሆንበት ኑሮ አለ። ትወዳላችሁ?» ይላል። «እወዳለሁ» ያለ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቂም አያውቅም፣ እንቅልፉም ጣፋጭ ነው። የድንበር ጠበኞች ታረቁ። ባልና ሚስት መጨቃጨቅ ተዉ። ገበሬው ይህን ሲያይ ደስታውን አልቻለውም። «እህሌን ላስገባና፣ የደቦዬ ዕለት እኔም እወዳለሁ እላለሁ» ብሎ ለእንግዳው ቃል ገባ።

ደቦው ደረሰ። እንግዳው ማሳው ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል። «እወዳለሁ» ያሉት አጫጆች ፈገግ እንዳሉ፣ ያለ ዘፈን፣ እኩል እያጨዱ ሄዱ። ገበሬው «ተመስገን፣ ዘንድሮ ከስድብ ዳንኩ» አለ። ጠላውን ሲያቀርብ ሁሉም ጠጡና ባንድ አፍ «ግሩም ነው» አሉ። እሱም ኩራት ቢጤ ተሰማውና ቀድቶ ቀመሰው። ለካ ኮምጣጤ ሆኗል፤ ጉሮሮ አያልፍም።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አለው ጎረቤቱን፣ ያን ስንት ዓመት ሙልጭ አድርጎ ሲሰድበው የኖረውን። ጎረቤቱም ፈገግታውን ሳይለውጥ «ግሩም ነው፣ ወንድሜ» አለው። ገበሬው ዓይን ዓይኑን አየው። የሚያውቀውን ያን ተንኮለኛ ፈልጎ አጣው። ሰውዬው በቁሙ ሞቶበታል።

ከዚያ በአገሩ ተደርጎ የማያውቅ ነገር አደረገ። ዋንጫውን ጣለና በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ በገዛ ጠላው ላይ አወረደ፦

«ኧረ የኔ ጠላ ኮምጣጣ ኮምጣጣ፣
የጠጣህ ወንድሜ ነፍስህ እንዳትወጣ።»

አጫጆቹ ያው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ደግሞ አወረደ። የጎረቤቱ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ የያዘውን ጠላ እንትፍ አለና «ሰውዬ፣ ልትፈጀን ነው እንዴ?» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ካንዱ ወዳንዱ ተዛመተ። እስኪመሽ ድረስ በዘፈን ሰደቡት፤ እሱም በደስታ እንባው እየወረደ ተቀበላቸው። የድንበር ጠበኞቹም ጠባቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እንግዳው ከዳር ሆኖ «ትወዳላችሁ?» ቢል የሰማው የለም፤ እንዳመጣጡ በጨዋ ደንብ ተነሥቶ ሄደ።

መምህሩ ወደ ሰናይት ዞሩ። «ልጄ፣ ተጫዋቾችሽ ላይ ጥርስና ጥፍር አታምጪ። የልባቸውን ምኞት የሚሰጥ፣ ፈቃዳቸውን የሚጠይቅ እንግዳ አምጪባቸው። የሚወዱት ጓደኛ ቀድሞ እሺ ይበል፣ ደስም ይበለው። ከዚያ ኮምጣጣውን አስቀምሻቸው።»

«ሳቁንስ ልተውላቸው?» አለች።

«ተይላቸው እንጂ፤ መውጫቸው እሱ ነው። ገበሬውን ያስፈራው ምን እንደሆነ ግን አትርሺ። እንግዳው አንድም ቀን አላስገደደውም። ያችን አንድ ዋንጫ ጠላ ባይቀምስ ኖሮ በገዛ አፉ ‹እወዳለሁ› ብሎ ነበር።»