ዘጠኙ ቆሮሶ የት ገባ?

አንድ ቀን በዝዋይ ሐይቅ ዳር ሁለት ጀልባ ያላቸው አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሰው ስለ ሐይቅ እንክብካቤ የግማሽ ቀን ስልጠና ወስደው ተመለሱ። ሲሄዱ ቋጣሪ ብቻ ነበሩ፤ ሲመለሱ ቋጣሪም አዋቂም ሆነው መጡ።

ቀዛፊያቸው ዘርጋው ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ከንጋት ጀምሮ መረብ ሲጎትት አርፍዶ የለመደውን የዓሣ ምሳ ሲጠብቅ፣ ከፊቱ አንድ ድስት ጎመን ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ዓሣውስ?» አለ፣ ሆዱ እየጮኸ።

«አየህ ዘርጋው፣» አሉ አቶ ሽብሩ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ «ጉልበት ሁሉ የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ከፀሐይ የሐይቁ ሣር ይወስዳል፤ ሣሩን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን ሰው ይበላል። ታዲያ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ከአስር እጅ ዘጠኙ ይጠፋል! ጎመን ግን በቀጥታ ከፀሐይ የጠጣ ነው። ለእናንተው ጉልበት አስቤ ነው።»

«ዘጠኙ እጅ የት ይገባል?»

«ሙቀት ሆኖ ይበናላ! ይቺንም አታውቅም?»

«እርስዎስ ምን ሊበሉ ነው?»

«እኔማ ዓሣዬን እበላለሁ። መረብ አልጎትት፤ ጉልበቱ ቢባክን ምን ቸገረኝ?»

አራት ቀን ሙሉ ጎመን ሆነ። ዘርጋው ክንዱ ዛለ፤ መቅዘፊያው ከበደው፤ ዓሣ ሲያጠምድ ውሎ ዓሣ ሳይቀምስ ማደሩ ደግሞ ከድካሙ በላይ አንገበገበው።

በአምስተኛው ቀን ስልጠናውን የሰጠችው ባለሙያ፣ ወይዘሪት ትርሲት፣ ሐይቁን ልታይ መጣች። አቶ ሽብሩ ደስታቸው ወሰን አጣ። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጧትና፣

«ዘርጋው! አስር ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰህ ቶሎ አምጣ!» ብለው ጮኹ።

ሽታው መጣ። ዓሣው ግን ቆየ። አቶ ሽብሩ ሁለቴ ተጣሩ፤ ሁለቴም «መጣሁ ጋሼ!» የሚል ጉርሻ ያፈነው ድምፅ ተሰማ። በመጨረሻ ዘርጋው ግንባሩ በላብ ተጠምቆ፣ ከንፈሩ በሚጥሚጣ ቀልቶ ብቅ አለ። በትልቁ ትሪ መሃል አንዲት ቆሮሶ ብቻዋን ተጋድማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ሽብሩ፣ እንግዳዋን በአፍረት እያዩ። «አስር አላልኩህም?»

«አስር ነበር የጠበስኩት ጋሼ።»

«ዘጠኙስ?»

«ከምድጃው እስከዚህ ሲተላለፍ ጠፋ።»

«የት ነው የሚጠፋው?! የት ገባ?»

«ሙቀት ሆነ።»

«አንተ ሌባ! በእኔው ትምህርት ልትቀልድብኝ ነው? ሙቀቱን ማን አየ?»

ዘርጋው ትሪውን አስቀመጠ፤ የጌታውን እጅ በአክብሮት ያዘና ከተነፋው ሆዱ ላይ አሳረፈው።

«ይዳስሱት እንጂ ጋሼ! ገና መች በረደ?»

ከምድጃው ጀርባ ሦስቱ ባልደረቦቹ አንድ ላይ በጥጋብ አገሱ። አቶ ሽብሩ ፍርድ ፍለጋ ወደ ወይዘሪት ትርሲት ዞሩ። እሷም የሳቅ እንባዋን እየጠረገች፣ «ስሌቱስ ልክ ነው» አለችና ትሪውን ወደ ራሷ ሳበችው።