ከቅርጫት ሥር ያለው ጥሬ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ጥሬ ያለው ይበትን።

በአንድ ጓሮ ሦስት ዶሮዎች ነበሩ። ቀይቱ ኃይለኛ ነበረችና ጥሬ በተበተነ ቁጥር ሌሎቹን እየነቆረች ታባርራለች። ገብስማ ደግሞ ቅናተኛ ነበረች፤ ከተነቆረው ማጅራቷ ይልቅ ቀይቱ የዋጠችው ጥሬ ያንገበግባታል።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ የነጯ ዶሮ ጭንቅላት ደምቶ አዩ። ቀይቱን ያዙና አመሏን እስክትረሳ ብለው ቅርጫት ደፉባት። በጣባ ጥሬ፣ በጣሳ ውሃ አስገቡላት።

ነጯ እፎይ አለች። ገብስማ ግን እህል አልወርድ አላት።

«አየሽ አይደል፣ ስትበጠብጥ ከርማ ለብቻዋ ማዕድ ቀረበላት። እኛ ጨዋዎቹ አፈር እንጫር» አለች።

«እስራት እኮ ነው፣ እህቴ» አለቻት ነጯ።

«ይሁና፤ ማንም የማይሻማበት እስራት ነው» አለችና ገብስማ ነጯን አናቷን ነቆረቻት። በማግስቱም ደገመቻት።

እትዬ ዘርፌ ይህን ሲያዩ «ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» ብለው ቅርጫቱን አነሱ። ቀይቱ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ ገብስማ ገባች።

ጣባው ሙሉ ነበር፤ የሚሻማት የለም። ሁለቴ ለቀም አድርጋ በቅርጫቱ ቀዳዳ ወደ ውጭ ብታይ፣ ቀይቱና ነጯ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ሆነው የምድጃ አመድ ውስጥ ይንከባለላሉ።

ገብስማ ጥሬዋን ትታ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ለጠፈች።

«አመዱን እኮ ሊጨርሱት ነው» አለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ቅርጫቱን ግን እንደተደፋ ተዉት።