ቦታ ያዡ ድንጋይ

ተረት ተረት። የዋርካው ሥር ትምህርት።

ፈተና ሲቃረብ እንስሳቱ ሁሉ ለጥናት የአንዲቱን ዋርካ ጥላ ይሻሙ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ሾላ ጫካ የሚገባው ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነውና። ብልጧ ጦጣ ቀድማ መጥታ ከኤሊ አጠገብ ድንጋይ አስቀመጠች።

«ቦታዬን ጠብቅልኝ፤ መጣሁ» አለችው ድንጋዩን።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ብቅ ብላ ድንጋዩ መኖሩን ታይና ትሄዳለች።

ድንጋዩ ግን አንድ ነገር ከነከነው። ኤሊ ጮክ ብላ ስታጠና «እትዬ ኤሊ፣ ጠዋት ጠዋት ጀርባዬን የሚያረጥበው ጤዛ ከየት ነው የሚመጣው?» አላት።

«ለድንጋይ ትምህርት ምን ይሠራለታል?»

«እንጃ። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ ነው።»

ኤሊ ሳቀችና ከመጀመሪያው ጀመረችለት። እሷ አትቸኩል፤ እሱ የትም አይሄድ።

የፈተናው ዕለት ጦጣ ድንጋዩ መኖሩን አይታ ቁርስ ፍለጋ ሄደች። ፈታኙ ጉሬዛ ቦታው ላይ ያገኘውን ሁሉ መጠየቅ ልማዱ ነበርና ድንጋዩንም ስለ ጤዛ ጠየቀው። ድንጋዩ አንድም ሳይስት መለሰ። ከዚያም ስለ ጉም ጠየቀው፤ እሱንም መለሰ።

ጦጣ አፏን እየጠረገች ስትመለስ ኤሊ ድንጋዩን አዝላ ወንዙን ስትሻገር አየች። ደንግጣ ወደ ጉሬዛ ሮጠች።

«የኔታ፣ ቦታዬስ?»

«አለልሽ» አላት ጉሬዛ። «ማንም አልነካብሽም፤ ለከርሞም ያንቺው ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ ቦታዬን አትውረሱ።