የአስተርጓሚዋ ቅናት

አንድ የድሬዳዋ መምህር በትምህርት ዕረፍት ስምንት ተማሪዎቹን በባቡር ይዞ ወደ ጅቡቲ ሄደ። ከጦርነት ሸሽተው ባሕር የተሻገሩ የመናውያን በሚኖሩበት ሰፈር ጠዋት ጠዋት የሕፃናት መማሪያ ክፍሎችን በነፃ ቀለም ይቀባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኡሙ ጀሚል ከሚባሉ አሮጊት ዳቦ መጋገር ይማራሉ።

ከተማሪዎቹ ዓረብኛ የምትችለው ማህደር ብቻ ነበረች። ለዚህ ጉዞ ብላ ዓመቱን ሙሉ ስታጠና ከርማለች። የአሮጊቷ ልብ የሄደው ግን ወደ ኢፍቱ ነው። ኢፍቱ አንድም ቃል አትችልም። በእጇ እያሳየች ትጠይቃለች፤ ሊጡ ሲበላሽባት ትስቃለች፤ እሳቸውም አብረዋት ይስቃሉ። «ልጄ» የሚሉት እሷን ነው።

ማህደር ይህን ባየች ቁጥር ውስጧ ይቃጠላል። «የለፋሁት እኔ፣ የምትወደደው እሷ!» ትላለች ለራሷ።

አንድ ቀን ኡሙ ጀሚል የኢፍቱን እጅ እንደያዙ ወደ ማህደር ዞሩ። «ነገ ልጄ ጀሚል ያገባል። እህቱን ባሕር ወስዶብኛል። ኢፍቱ በእሷ ቦታ አጠገቤ እንድትቆምልኝ እፈልጋለሁ፤ ንገሪልኝ» አሏት።

«ምን አሉ?» አለች ኢፍቱ።

ማህደርም «ሥራ እያበላሸሽባቸው ነው። ሁለተኛ አትምጪ ነው የሚሉሽ» አለቻት።

ኢፍቱ እንባዋ መጣ። አሮጊቷ የደስታ እንባ መስሏቸው እቅፍ አደረጓት። ኢፍቱ ደግሞ እያሰናበቷት መሰላት።

በማግስቱ ሌሎቹ ተማሪዎች ተጋብዘው ወደ ሠርጉ ሲሄዱ፣ ኢፍቱ «አሞኛል» ብላ ማረፊያው ቀረች። ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ሲጠራ ኡሙ ጀሚል «ቆይ፣ ልጄ ትመጣለች» አሉ። ደጋግመው በሩን ተመለከቱ። በመጨረሻ ከጎናቸው ያለው ቦታ ባዶ እንደሆነ ተነሱ።

ማህደር ይህን ስታይ አላስችል አላት። ቀረብ ብላ፣ «መልእክትዎን አላደረስኩም። ቀንቼ ዋሸኋት» አለቻቸው።

«በምኗ ቀናሽ?»

«ቋንቋዎን የማውቀው እኔ ሆኜ፣ የወደዱት እሷን ነው።»

አሮጊቷም መለሱላት። «አንቺ በመጣሽ ቁጥር ‹መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይባልም› እያልሽ አነጋገሬን ስታርሚ ነበር። እሷ ግን በመጣች በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን የሴት ልጄን ፎቶ በጣቷ አሳይታ፣ እጆቿን ዘርግታ ‹የት ናት?› አለችኝ። አንቺ ያንን ፎቶ አይተሽዋል?»

ማህደር አላየችውም ነበር።

ሮጣ ሄዳ ለኢፍቱ እውነቱን ነገረቻት። ኢፍቱ ወዲያው ተነስታ ወጣች፤ ማህደርም ተከተለቻት። ሠርጉ ቤት ሲደርሱ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ኡሙ ጀሚል ኢፍቱን አቅፈው በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ማህደርም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው፦ «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ስጠብቅሽ ዋልኩ።»

ማህደር ቋንቋውን ለመማር አንድ ዓመት ለፍታለች፤ ስለ ሰዎቹ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም። ቅናት ሌላው ያገኘውን አጉልቶ ያሳየናል፤ እኛ ያልሰጠነውን ግን ይደብቅብናል። ሌላው ሲወደድ ስናይ «ለምን እሷ?» ከማለታችን በፊት፣ «እኔስ ምን ሰጥቻለሁ?» ብለን ራሳችንን ጠይቀን እናውቃለን?